ዳገት ያልወጣች ፒክአፕ አትገዛም

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። ሥራ የያዘውም እጁ ይሥራ፣ ጆሮውን ብቻ ያውሰኝ።

ቡታጅራ ውስጥ ወይዘሮ ትርፌ የምትባል ሴት ነበረች። የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ እያፈላች ከዳገቱ ማዶ ላሉ ገበሬዎች ትሸጣለች። ችግኞቿ ለዓይን ያሳሳሉ። ክፉው መንገዱ ነው። በአህያ ጋሪ ተጭነው ዳገቱን ሲሻገሩ ግማሾቹ ይሰበራሉ፣ ግማሾቹ በፀሐይ ይጠወልጋሉ። ዓምና አንድ ደላላ «ወርቅ ናት እኮ!» እያለ ባለ ሦስት እግር የጭነት ባጃጅ አስገዛት። ወርቋ በሳምንቷ ቀጥ አለች። አራት መቶ ችግኝ ፀሐይ ላይ ደረቀ። ትርፌ መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች፣ ዓይኗን ጠረገችና ማለች፦

«ከእንግዲህ ዳገት ሳላወጣት የምገዛት መኪና የለችም!»

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ዘበርጋ ፒክአፓቸውን ሊሸጡ መሆኑን ሰማች። ነጭ፣ ባለ ደብል ጋቢና፣ ትልቅም ትንሽም ያልሆነች መኪና ናት። ጋሽ ዘበርጋ አሥራ አራት ዓመት ነድተዋታል፤ አሁን ዓይናቸው ደክሞ ልጆቻቸው «በቃዎት» አሏቸው።

ትርፌ ቅዳሜ በማለዳ ደረሰች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛ ነው። «ጎሽ፣ አላሞቋትም» አለች በልቧ፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር በሽታውን እንደሚደብቅ ዓምና ተምራለች። ዘይቱን አየች፣ በጣቷ አሸት አሸት አደረገች፣ አሸተተች። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። እኩል ነው የተበሉት። ጋሽ ዘበርጋ ሲያስነሷት አንዴ አጉረመረመችና ተነሳች፤ ጥቁር ጭስ የለም፣ ነጭ ጭስ የለም። የትርፌ ልብ ዘለለ። ፊቷን ግን እንደ ፈራጅ አጨፈገገች።

«ጋሽ ዘበርጋ፣ ቁልፉን አንዴ ይስጡኝና ያንን ዳገት ላውጣት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጋሽ ዘበርጋ ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

«ትርፌ፣ መካኒክ ሳያያት አልሰጥሽም። እኔ የማውቃት ከላይ ነው፤ ከስሯ ምን እንዳለ ፈጣሪ ይወቅ። ዳገት ላይ አንድ ነገር ብትሆኚ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

እውነታቸውን ነው። ትርፌ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ መካኒኩ ወደ ነስሩ ጋራዥ ሄደች።

«ነስሩ፣ ናልኝማ! አንተ ካላየሃት ጋሽ ዘበርጋ ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልተሰጠኝ ዳገት አልወጣም፤ ዳገት ካልወጣሁ አልገዛም!»

ነስሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ትርፌ፣ ከላይ ቆንጆ ናት። ከላይ ቆንጆ ያልሆነ የሚሸጥ መኪና ግን አይቼ አላውቅም። ከስር አካሏን የተሸከመው ሻንሲ ተሰብሮ ተበይዶ ቢሆንስ? ሳልገባ ‹ደህና ናት› ብዬ እርስዎን ገደል አልሰድም። መኪና የማነሳበት የእኔ ክሪክ ዘይት እየተፋ አላነሳም ብሏል። ከጎሚስታው ከሙዲን ክሪክ ያምጡልኝ፣ ከስሯ እገባለሁ።»

ትርፌ ወደ ሙዲን ሄደች። ሙዲን ከጎማ ክምር መሃል ቁጭ ብሎ አገጩን ይዟል።

«ሙዲን፣ ክሪክህን አውሰኝ! ክሪክ ካልመጣ ነስሩ ከስር አያይም፤ ነስሩ ካላየ ጋሽ ዘበርጋ ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልተሰጠኝ ዳገት አልወጣም፤ ዳገት ካልወጣሁ አልገዛም!»

«እትዬ፣ ክሪኩማ ያው!» አለ ሙዲን በአገጩ እያመለከተ። ክሪኩ አንድ ሚኒባስ ተሸክሟል፤ ሚኒባሱ በሦስት እግሩ ቆሟል፣ አራተኛው ጎማ ባዶውን መሬት ላይ ተጋድሟል። «ጎማውን ጠግኛለሁ፤ እንዳልነፋው የአየር መንፊያዬ አፍ ተሰበረ። ክሪኩን ባወጣው ሚኒባሱ ይወድቃል። በያጁ ሳህሌ ይቺን ብረት ይበይድልኝና ክሪኩ የእርስዎ ነው።»

ትርፌ የተሰበረችዋን ብረት በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ሳህሌ ሄደች። ሳህሌ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ አገኘችው።

«ሳህሌ፣ ይቺን ብረት በይድልኝ! አንተ ካልበየድክ ሙዲን ጎማ አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ ክሪኩ አይወጣም፤ ክሪኩ ካልወጣ ነስሩ ከስር አያይም፤ ነስሩ ካላየ ጋሽ ዘበርጋ ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልተሰጠኝ ዳገት አልወጣም፤ ዳገት ካልወጣሁ አልገዛም!»

«ትርፌ ሙች፣ እጄን እዪው» አለ ሳህሌ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «ከንጋት ጀምሮ የመጋዘን በር ስበይድ ውዬ እህል አልቀመስኩም። በዚህ እጅ ብነካት ብረቷን ትቼ ጣቴን ነው የምበይደው። ረውዳ ምግብ ቤት ሄጄ ነበር፣ ‹ዛሬ ምሳ የለም› ብላ መለሰችኝ። ምሳ አስገኚልኝ፣ በይጄ ላስረክብሽ።»

ትርፌ ወደ ረውዳ ምግብ ቤት ገሰገሰች። እግሯ አቧራ ለብሷል፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። እየሄደች ግን አንድ ነገር ፈገግ አሰኛት፦ የጠየቀችው ሰው ሁሉ እምቢ ብሏታል፣ አንዱም ግን አልዋሻትም። ዓምና ያ ደላላ እምቢ ያላት አንድም ነገር አልነበረም።

ረውዳ በሩ ላይ ቆማ የተነቀለ የበር እጀታ በእጇ ይዛለች።

«ረውዳ እህቴ፣ ለሳህሌ ምሳ ስጪው! ሳህሌ ካልበላ አይበይድም፤ ካልበየደ ሙዲን ጎማ አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ ክሪኩ አይወጣም፤ ክሪኩ ካልወጣ ነስሩ ከስር አያይም፤ ነስሩ ካላየ ጋሽ ዘበርጋ ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልተሰጠኝ ዳገት አልወጣም፤ ዳገት ካልወጣሁ አልገዛም!»

«ወይ አንቺ ሴት፣ ትንፋሽሽ አያልቅም?» ብላ ረውዳ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ልታለቅስ ደረሰች። «ቆጮው ጓዳ፣ አይቡ ጓዳ፣ ጎመኑ ጓዳ! የጓዳው በር በሰሞኑ ዝናብ አብጦ አልከፈት አለኝ፤ ስጎትተው እጀታው እጄ ላይ ቀረ። አናጢው አባባ ኬርጋ ጋ ብልክባቸው ‹አልነሳም› ብለው መለሱልኝ። እሳቸውን አስነሺልኝ እንጂ ሳህሌን ከነጎረቤቱ አበላዋለሁ።»

አባባ ኬርጋ አልነሳም ካሉ አልነሳም ነው፤ አገር ያውቃቸዋል። ትርፌ እየፈራች ገባች። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ በግራ እጃቸው አንድ ሳንቃ፣ በቀኝ እጃቸው ሌላ ሳንቃ ጥርቅም አድርገው ይዘዋል።

«አባባ፣ እባክዎ ይነሱልኝ! እርስዎ ካልተነሱ የረውዳ ጓዳ አይከፈትም፤ ጓዳው ካልተከፈተ ሳህሌ አይበላም፤ ሳህሌ ካልበላ አይበይድም፤ ካልበየደ ሙዲን ጎማ አይነፋም፤ ጎማው ካልተነፋ ክሪኩ አይወጣም፤ ክሪኩ ካልወጣ ነስሩ ከስር አያይም፤ ነስሩ ካላየ ጋሽ ዘበርጋ ቁልፍ አይሰጡም፤ ቁልፍ ካልተሰጠኝ ዳገት አልወጣም፤ ዳገት ካልወጣሁ አልገዛም!»

አባባ ኬርጋ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ልጄ፣ ምን ላርግልሽ» አሉ። «ሁለቱን ሳንቃ በኮላ ገጥሜያለሁ። ግራውን ብለቅ ይከፈታል፣ ቀኙን ብለቅ ይከፈታል። ሚስማር እንዳልመታበት እጄ ሁለት ብቻ ነው። ጠዋት ከረውዳ ዘንድ ለመጣው ሰው ‹አልነሳም› አልኩት፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቀኝ ሄደ። እኔ ያጣሁት ሦስተኛ እጅ ነው።»

ትርፌ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«አባባ፣ ሦስተኛ እጅ ብቻ? ስሜ እኮ ትርፌ ነው! ትርፍ እጅ ይዤ ነው የመጣሁት!»

ቁጭ አለችና ሳንቃውን ግጥም አድርጋ ያዘች። አባባ ኬርጋ መዶሻቸውን አነሱ። ቋ! ቋ! ቋ!

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ። ሳንቃው ተያዘ፣ አባባ ኬርጋ ተነሱ። አባባ ኬርጋ ተነሱ፣ የረውዳ ጓዳ ተከፈተ። ጓዳው ተከፈተ፣ ሳህሌ ቆጮውን በአይብና በጎመን ጠቀለለ። ሳህሌ በላ፣ እጁ ጸና፣ ብረቷን በየደ። ብረቷ ተበየደች፣ ሙዲን ጎማውን ነፋ። ጎማው ተነፋ፣ ሚኒባሱ በአራት እግሩ ቆመ። ሚኒባሱ ቆመ፣ ክሪኩ ወጣ። ክሪኩ ወጣ፣ ፒክአፗ ከፍ አለች፣ ድጋፍ ገባላት፣ ነስሩ በጀርባው ተንሸራቶ ከስሯ ገባ።

ሁሉም ተከትለው መጥተው ስለነበር ግቢው በሰው ሞልቷል። የሚታየው የነስሩ ጫማ ብቻ ነው። ትርፌ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች፤ ጋሽ ዘበርጋ ከእሷ ብሰው ይጨነቃሉ።

«ሻንሲዋ ንጹሕ ነው!» አለ ነስሩ ከስር። «ብየዳ የለም! ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር አንድ ነው! ዘይት አታንጠባጥብም! የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ግን ዝጎ ተበስቷል።»

«እኔስ ድምፅዋ የጎለመሰ መስሎኝ ነበር!» አሉ ጋሽ ዘበርጋ ደንግጠው። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። «ትርፌ፣ እውነት አላወቅኩም።»

«እሱን እኔ ሰኞ እበይደዋለሁ፤ ዛሬ ጠግቤያለሁ» አለ ሳህሌ።

ነስሩ አየ፣ ጋሽ ዘበርጋ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቁልፉን አወጡ፣ በመዳፋቸው ትንሽ መዘን መዘን አደረጉት፣ ሰጧት።

ትርፌ ግን ቁልፉን ይዛ ቆመች።

«ባዶዋንማ የትኛዋም ትወጣለች» አለች። «እኔ የምጭንባት ከነአፈሩ ያለ ችግኝ ነው።»

እንዲህ ከማለቷ ሙዲን አሮጌ ጎማዎቹን ከኋላ ይወረውር ጀመር። ሳህሌ ቁርጥራጭ ብረቶቹን አመጣ። ረውዳ ሁለት ጆንያ ድንች አስጫነች። አባባ ኬርጋ እና ጋሽ ዘበርጋ ጋቢና ገቡ፣ ረውዳም አጠገባቸው ተጠጋች፤ ነስሩ፣ ሙዲንና ሳህሌ ከኋላ ጭነቱ መሃል ተቀመጡ።

ትርፌ መሪውን ያዘች። በአንደኛ ማርሽ ተነሳች፣ በሁለተኛ ዳገቱን ጀመረች። የተበሳው ማርሚታ ያገሳል፣ ሕፃናት ከየደጁ ወጥተው ያጨበጭባሉ። ዓይኗ አንዴ መንገዱ ላይ፣ አንዴ ሙቀት መቁጠሪያው ላይ ነው። መርፌዋ መሃል ላይ ናት፣ አትነቃነቅም። የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ትርፌ ሆን ብላ አቆመቻት፤ የእጅ ፍሬን ሳበች። ከኋላ ያሉት «ያ ረቢ!» አሉ። ፒክአፗ አንድ ጣት ያህል እንኳ ወደ ኋላ አልሸሸችም። ፍሪሲዮን ረገጠች፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀች፣ ነዳጅ ሰጠች፣ የእጅ ፍሬኑን ፈታች። ተነሳች! ወጣች፣ ወጣች፣ ጫፍ ላይ ደረሰች።

ረውዳ እልልታዋን አቀለጠችው። ትርፌ ሞተሩን አጥፍታ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አይታወቅም።

«ጋሽ ዘበርጋ፣ እንዴት አዩዋት?» አለች በመጨረሻ።

«አሥራ አራት ዓመት ነዳኋት» አሉ ጋሽ ዘበርጋ። «ለእኔ እንዲህ ወጥታልኝ አታውቅም።»

«እንግዲያው ገዛኋት» አለች ትርፌ። «ምርቃቱን ግን ከነሊብሬው ነው የምቀበለው።»

ጋሽ ዘበርጋ መረቁ፣ አባባ ኬርጋ አሜን አሉ፣ ከኋላ ያሉትም የሚባለውን ሳይሰሙ አሜን አሉ።

ሰኞ ማርሚታው ተበየደ። ማክሰኞ የመጀመሪያዎቹ ችግኞች ከዳገቱ ማዶ ወረዱ፤ አንዲት ቅጠል አልታጠፈችም። ረቡዕ ዝናብ ጣለ። ሐሙስ ከማዶ ሌላ ችግኝ ጨምሪ የሚል መልእክት መጣላት።

የእኔ ወሬ ይኸው። አሁን ውሃ አቀብሉኝ፤ ይህን ሁሉ ሰው ስጠራ ጉሮሮዬ ደረቀ።