የደብሪቱ አንገትና አብሯት ያደገው እርሾ

ይህን ተረት ያቀበሉኝ ሹሩባ ሠሪዋ እትዬ አስካለ ናቸው፤ የሰፈሩን ራስ ሁሉ ከነጉዱ የሚያውቁ ሴት። እኔም እንዳቀበሉኝ አቀብላለሁ፤ ጆሮ ያለው ይስማ።

ድሮ፣ ሁሉም ነገር አፍ በነበረው ጊዜ፣ የናይለን ሻሽም ገና ብርቅ ሳለ፣ ደብሪቱ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። የአንገቷ ቆዳ ታካች ናት። በቆዳዋ ላይ በዓይን የማይታይ እርሾ ይኖራል። ወዝ ይልሳል፣ ዝም ይላል። ቆዳም ትችለዋለች። «ጨቅላ ሳለን የመጣ ነው፤ የት ይሂድ?» ትላለች።

ደብሪቱ ታጨች። ሰርጉ ሁለት ወር ሲቀረው አክስቷ ወለላ እንድታምር ብላ ቅቤ በራሷ ላይ ከመረችባት። ቅቤው ቀልጦ ወደ አንገቷ ወረደ።

«እርሾ ሆይ፣ ብላ!» አለ ቅቤ።

«ኧረ ይብቃው» አለች ቆዳ።

እርሾ በላ።

ላብ መጣ። «እርሾ ሆይ፣ ጠጣ!»

«ኧረ ደከመኝ» አለች ቆዳ።

እርሾ ጠጣ።

ሻሽ መጣ፤ ነፋስ አያስገባም። «እርሾ ሆይ፣ በሩን ዘግቼልሃለሁ፤ ተንፈላሰስ!»

ቆዳ መናገሩም ታከታት። እርሾ ተዋለደ፤ አንገቷን ነጫጭ ነቁጥ አለበሰው።

አክስቷ አየች። «ወይኔ! ለምጽ ነው ካሉ ሰርጉ ቀረ!» ብላ በሎሚና በአመድ ፈተገቻት። አንገቷ ሲላጥ ደግሞ ምን አደረገች መሰላችሁ? ቅቤ ጨመረችበት! እንዳይታይም ሻሹን አጠበቀችው።

«ውጣልኝ» አለችው ቆዳ።

«እኔ መች ጠራኋቸው?» አለ እርሾ። «የቀረበልኝን በላሁ። ብወጣስ ማን ጋ እሄዳለሁ? በየቤቱ ዘመዶቼ ሞልተዋል።»

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዘርፌ ወሬ ሰምተው መጡ።

«እስቲ ሻሹን ፍቺው፣ ልጄ። እኔ ወንድ ልጄን ለለምጻም አልድርም።»

ደብሪቱ እያለቀሰች ፈታች። ወይዘሮ ዘርፌ ለማየት ጎንበስ ሲሉ የራሳቸው ሻሽ ሸርተት አለ፤ ፎረፎራቸው እንደ ዱቄት በልጅቱ ትከሻ ላይ ረገፈ። ከፀጉራቸው ውስጥም ድምፅ ተሰማ።

«የአጎቴ ልጅ! አንተም እዚህ ነህ?»

«እዚሁ ነኝ» አለ የደብሪቱ እርሾ። «አንተስ?»

«ሃያ ዓመቴ! እሳቸው ያካሉ፣ ይቀባሉ፤ እኔ እወፍራለሁ።»

ወይዘሮ ዘርፌ ነጠላቸውን አራገፉ። «እንግዲህ... የሰው ገላ ነው» አሉ።

«የበላውን ትታችሁ ያበላውን ያዙ» አለች ቆዳ፣ ድምፅዋ ተዳክሞ። «ሻሹን ብቻ አትመልሱብኝ።»

ደብሪቱ አንገቷን ገልጣ፣ ከነነቁጧ ተዳረች። ሐኪም ቤት «ቋቁቻ ነው» ብለው ቅባት ሰጧት፤ ነቁጡ እስኪጠፋ ክረምቱ አለፈ። ቅቤው ለወጥ ገባ። ሻሹ የጆንያ አፍ ማሰሪያ ሆነ። ወይዘሮ ዘርፌ ዛሬም ያካሉ። እርሾ አነሰ እንጂ አልወጣም፤ ወዙን ይልሳል፣ ዝም ይላል። ቆዳ ተኝታለች።