ለኤሊዎቹ ያለቀሰው ጅብ

ተረት ተረት ልላችሁ ነውና ጆሮ ስጡኝ።

አውሬዎች ሁሉ ገበጣ የሚጫወቱበት አንድ ሜዳ ነበር። ጨዋታውን በነጻ የሚዳኙት ኤሊዎች ነበሩ። ጅብ ጠጠር ሰርቆ ምላሱ ሥር በደበቀ ቁጥር ትልቋ ኤሊ ጠጋ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ እስቲ አፍህን ክፈት» ትለዋለች፤ ጠጠሩን አውጥታም ታባርረዋለች።

አንድ ቀን ኤሊዎቹ «አረጀን፣ ደከመን፤ ደህና ሁኑ» አሉ። ሁሉም አመስግኖ መረቃቸው። ጅብ ግን ሜዳው እስኪናወጥ አለቀሰ።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው? ስንቴ አባርረንህ የለ!» አለች ትልቋ ኤሊ።

«እሱ እኮ ነው! ሌላው ገና ሲያየኝ ይሮጣል። አፌ ድረስ የሚቀርበኝ ከእናንተ ሌላ ማን አለ?»

ኤሊዎቹ ተሰናብተው መንገድ ጀመሩ። በማግስቱ ጅብ ሦስት ጠጠር ደበቀ። ሁሉም አየ፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። አሸነፈ። ደግሞም አሸነፈ። «አበጀህ!» አሉት ከሩቅ ሆነው።

በሦስተኛው ቀን ጠጠሮቹን እንደጎረሰ ኤሊዎቹን ፍለጋ ሮጠ። ብዙም አልሮጠም፤ ገና የሜዳውን ዳር አላለፉም ነበር። ትልቋ ኤሊ ፊት ተንበረከከና፣ ማንም ሳይጠይቀው አፉን ከፈተ።

እሱ አፉን ሲከፍት እኔም አፌን ዘጋሁ።