ጡቡ ላይ የተጻፈው ስም

አንድ ጥንቁቅ ግንበኛ ነበር። ስሙ ድልነሳ ይባላል። የሠራው ግንብ ፈርሶ አያውቅም፤ እሱ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ተነስቶ የሠራውን ሊያይ ይሄዳል።

አንድ ዓመት የመንደሩን የእንጨት ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ክረምት ሲገባ በሽተኛ እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ መሻገር አቃተው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ወደ ድልነሳ መጥተው፣ «የድንጋይ ድልድይ ሥራልን። ድንጋዩንም ጉልበቱንም እኛ እናመጣለን» አሉት።

«ከፈረሰ ማን ይጠየቃል?»

«አንተ ነሃ! ታዲያ ድንጋዩን እንጠይቀው?» ብለው ሳቁ።

እሱ አልሳቀም። «ከቻይና ስመለስ እነግራችኋለሁ» ብሎ፣ ልጁ ወለላ በላከችለት ቲኬት እሷን ለመጠየቅ ሄደ።

ወለላ የምትማረው ናንጂንግ በሚባል ትልቅ የቻይና ከተማ ነው። በእረፍት ቀኗ ይዛው ወጣች። ወደ ጥንታዊው የንጉሥ መቃብር በሚወስደው መንገድ ዳር የቆሙትን የድንጋይ ዝሆኖችና ግመሎች አሳየችው። ድልነሳ ጎንበስ ብሎ መሠረታቸውን ይመረምር ጀመር።

«አባዬ፣ ቀና ብለህ እይ እንጂ! ሰው ሁሉ ፊታቸውን ሊያይ መጥቶ አንተ እግራቸውን ታያለህ?»

«ያቆማቸው እግራቸው ነዋ» አላት።

ከዚያ ወደ አሮጌው የከተማ ቅጥር ወሰደችው። ከተገነባ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙዎቹ ጡቦች ላይ ጽሑፍ አለ። ድልነሳ አንዱን በጣቱ ዳሰሰና፣ «ይኼ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ።

«የሠሪው ስም ነው። ጡቡ ደካማ ሆኖ ከተገኘ የሚጠየቀው ሰው እንዲታወቅ ያስጽፉ ነበር።»

ድልነሳ እጁን ከጡቡ ላይ ቶሎ አነሳ። «ምስኪን! እንዴት እንቅልፍ ወስዶት ይሆን?»

ወለላ ስሙን ጮክ ብላ አነበበችለት። «አየህ አባዬ፣ ያስጻፈው ንጉሥም፣ የሚቆጣጠረው ሹምም አልፈዋል። ጡቡ ግን አለ። ዛሬ ስሙን የማነበው ልከሰው ነው እንዴ?»

ድልነሳ ባርኔጣውን አውልቆ ለጡቡ እጅ ነሳ። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አንተም ሳትፈራ አልቀረህም፤ ግን ሠርተሃል» አለ።

አገሩ ተመልሶ ድልድዩን ሠራ። መግቢያው ላይ ባለው ድንጋይ ስሙን በገዛ እጁ ቀረጸና፣ ሽማግሌዎቹን «ከፈረሰ ፈልጉኝ» አላቸው።

ክረምት መጣ፤ ወንዙ ሞላ። ድልነሳ ጃንጥላውን ይዞ ድልድዩን ሲጠብቅ ዋለ። ጠዋት አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ እየሮጠች ተሻገረች። ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ዳቦ ይገምጣል። ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ቆማ አነበበች። ከሌላ መንደር ስለሆነች ድልነሳን አታውቀውም።

«አባቴ፣ ድልነሳ የሚባሉትን ሰው ያውቋቸዋል?» አለችው።

ድልነሳ ክው አለ። «ምን አጠፋ?»

«ኧረ ምንም! እግዜር ይስጥልኝ ልላቸው ነው።»

የሠራነው ላይ ስማችንን ማኖር የሚያስፈራን፣ ስማችን የሚጠራው ለወቀሳ ብቻ ስለሚመስለን ነው። ከልብ የተሠራ ሥራ ግን ስማችንን ለምስጋና ያቆይልናል። እርስዎስ? ዛሬ በማን ድልድይ ተሻገሩ? ስሙን ጠርተው አመሰገኑት?