ክር የተበጠሰባቸው በጎች

ነጋዴ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር የሚወጣባት አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች። ስሟን የነገረኝ የለም፤ ሸሆቹም ሲያወሩ «አንዲት ከተማ» ብለው ነው የሚያልፏት፤ እኔም እንደ እነሱ ልለፋት። እዚያች ከተማ ውስጥ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የቆዳ ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ አላህ ይዘንላቸው።

ሐጂ ሸምሱ ማለት፣ ልጆቼ፣ ሌጦ ሲቀርብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ ያደርጉና «ይህን እሾህ ቧጦታል፤ ይህን ሲገፉት ቢላዋ ስቷል፤ ይህችን መዥገር በልቷታል» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሻጩ ቢምል ቢገዘት ጣታቸው አይታለልም። ሚዛን አጉድለው፣ ወላጅ የሌለው የቲም አስለቅሰው አያውቁም። ሰውነታቸው ግን ክስት ያለ ነበርና ሚስታቸው ሉባባ «የሰው ቆዳ ሲያገላብጡ የራሳቸው አለቀ» እያለች ታሾፍባቸው ነበር። እሳቸውም ይስቃሉ።

አንድ የገበያ ቀን ሐጂ የሚያረቧቸው በጎች ሊገዙ ወጡ። አንድ የማያውቁት የባላገር ሰው እናት በጎች ይዞ ቆሟል። ላታቸው የሰፋ፣ ጸጉራቸው የለሰለሰ፣ እጅ የለመዱ በጎች ናቸው። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ዳሰሷቸው። ጆሯቸው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የሁሉም ጆሮ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ዳር ላይ ደም ደርቋል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉት።

«መዥገር ነው ሐጂ። ቆላ ከርመው ነው የመጡት።»

እንግዲህ ልብ በሉ። መዥገር የበላውንና ሰው የበሳውን ጆሮ ከሐጂ ሸምሱ በላይ የሚለይ በዚያ አገር አልነበረም። ግን በጎቹ ልባቸው ውስጥ ገብተዋል፤ የዙህር አዛንም እየተባለ ነው። «ዋሽቶ ከሆነ እሱ ይጠየቅበት» አሉ በልባቸው። ከፈሉና በጎቻቸውን ነድተው ሄዱ። ሶላታቸው አላለፈቻቸውም፤ ሌላ ነገር ግን አለፋቸው።

ሰነባብቶ ሉባባ የአንዷን በግ ጆሮ ቅቤ ስትቀባ የደረቀው ቅርፊት ተነሳና ቁራጭ ቀይ ክር በጣቷ ላይ ቀረ። ይዛ መጣች።

«ሐጂ፣ የእርስዎ መዥገር ክርም ይፈትላል እንዴ?»

ሐጂ ክሩን ተቀብለው አዩት። «ጣቴ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ጆሮዬን የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ ገበያ ወርደው ሻጩን ቢፈልጉ የለም። የሚያውቀውም ጠፋ። ባለቤቱ ያልታወቀ ንብረት ይታወጃልና ሐጂ ሳይሸጡ፣ ሳያርዱ በጎቹን ለብቻ ለዩአቸው። ከዚያ የጁምዓ ሶላት ሲያበቃ መስጊድ ውስጥ ቆመው፣ «ምልክታቸው የተበጠሰ በጎች እኔ ዘንድ አሉ። ጆሯቸው ላይ የነበረው ክር ምን ቀለም እንደሆነ የነገረኝ ይውሰዳቸው» አሉ።

መጪው በዛ። አንዱ ነጭ ነው አለ፤ አንዱ ጥቁር። አንዱማ «ሐጂ፣ ቀለሙን ረስቼዋለሁ፤ በጎቹን ግን አልረሳሁም» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። ቀይ ያለ ግን አልተገኘም። ሐጂ በየጁምዓው አወጁ፤ በየገበያው ቀን ወንዶቹ ከሚውሉበት ከብት ተራ አስለፈፉ። ወራት አለፉ። አንድ ጁምዓ እንዳወጁ ኢማሙ «ግዴታዎን ተወጥተዋል፤ ከእንግዲህ ልብዎ ይረፍ» አሏቸው። ልባቸውም ዕረፍት ጀመረ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሉባባ ማዕዱን አንስታ ሳትጨርስ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሐጂ፣ ለማን ነው ያወጁት?»

«ለሰው ሁሉ ነዋ።»

«ለወንድ ሁሉ ነው። ክር የሚፈትል ወንድ አይተው ያውቃሉ?»

ሉባባ ቀዩን ክር አውጥታ አሳየቻቸው።

«ይህ የሴት ክር ነው። መጀመሪያ ሳየው አውቄዋለሁ። ባለቤቱ ከጠፋ እኛው ዘንድ ይቀራሉ ብዬ ተመኘሁ፤ ወድጃቸው ነበር። ዛሬ ሶላት ላይ ቆሜ በጎቹ ናቸው ፊቴ የሚመጡብኝ። አፉ ይበሉኝ።»

«እኔም የወደድኩ ዕለት ነው የደነቆርኩት» አሉ ሐጂ። «ተነሺ፣ እንሂድ።»

ሴቶቹ ልብስ ወደሚያጥቡበት ወንዝ ወረዱ። ሐጂ አፍረው ራቅ ብለው ቆሙ፤ ሉባባ ክሩን ይዛ መሃላቸው ገባች። ገና ከማሳየቷ አንሻ የምትባል ሴት የምታጥበውን ጣለችና እጇን በቀሚሷ አደራረቀች።

«ይህ እንሶስላ ነው። የጦይባ ክር ነው። ለሰርጓ እንሶስላ ስናሞቃት እጇ ከቀላ በኋላ በተረፈው ክር ነከረች። ባሏ ሲያገባት መህር ብሎ የሰጣትን በጎች ከባሏ በጎች ልትለይበት ነው፤ እየሳቅን ጆሯቸውን የበሳንላት እኛ ነን።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የጦይባ ባል ሞቶ፣ ባል የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምትጠብቀውን የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ስትቆጥር የባሏ ወንድም አራጋው ከገጠር መጣ። «በጎችሽ እዚህ ከሚራቡ ከእኔ ጋር ሣር ይብሉ» ብሎ ነዳቸው። መንገድ ላይ ክሩን በጠሰና ገበያ አቆማቸው። እሷ ጠፉ ብላ አልፈለገቻቸውም፤ ሣር ላይ ያሉ መስሏታልና። ቤቱ የባሏ ቤተሰቦች ንብረት ነው፤ ዒዳዋ ሲያልቅ ትለቃለች። በዓለም ላይ የእሷ የሆነው እነዚያ በጎች ብቻ ነበሩ። እነሱን አርብታ፣ አንሻ አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ልትኖር ተስማምተው ነበር።

«ዒዳዋ ሲያልቅ አምጣልኝ አለችው» አለች አንሻ። «ሞቱ አላት። ሌጦአቸውስ አለችው። ጅብ ከነሌጦአቸው በላቸው አላት። ምን ትበል? ወገን የላት፤ ውሸቱን የሚያጋልጥ ምስክር የላት። የሰው ቤት ልታገለግል ከነጋዴዎች ጋር ሄደች።»

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ማፈራቸውን ረስተው ቀረቡ። «መቼ ሄደች፣ ልጄ?»

«ያለፈው ጁምዓ ነው ሐጂ። ወንዶቹ መስጊድ ሳሉ።»

 ያለፈው ጁምዓ ወንዶቹ መስጊድ ሳሉ ሐጂ ሸምሱ ቆመው ስለ እሷ በጎች እያወጁ ነበር።

ዕለቱን በቅሎ አስጭነው ተከተሏት። መንገዱ ከሚከፈልበት ሲደርሱ አንዱ ወደ ባሕር፣ አንዱ ወደ በረሃ ይሄዳል። በየትኛው እንደሄደች የሚነግራቸው አላገኙም። ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ ለሚወጣ ነጋዴ ሁሉ «ጦይባ የምትባል ሴት ካገኘህ፣ በጎችሽ በሕይወት አሉ፣ ነይ ብለውሻል በላት» እያሉ ይልኩ ነበር። አራጋው በሽማግሌ ተያዘና ዋጋውን መለሰ፤ ገንዘቡንም ከበጎቹ ጋር በአማና፣ በአደራ፣ አስቀመጡላት። ሉባባ እንሶስላ ቀቅላ፣ ክር ነክራ፣ በየጆሯቸው መልሳ አሰረች። ለተወለዱት ግልገሎችም አሰረች። በጎቹ በዙ። ጦይባ አልመጣችም።

ሐጂ በስተርጅና ታመው ሲተኙ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። «ክር ያላቸውን በጎች ከውርሴ እንዳትቆጥሩ። ባለቤታቸው ብትመጣ ስጧት፤ ካልመጣች በእሷ ስም ሰደቃ ናቸው፤ ዒዳ ላይ ላለች ሴት ይሰጡ» ብለው ተናዘዙ። ኢማሙ አጠገባቸው ነበሩና ሊያጽናኗቸው «ሐጂ፣ እርስዎ እኮ አውጀዋል፤ አላህ ያውቃል» አሏቸው።

ሐጂም «አውጄአለሁ» አሉ። «ሐቅ ግን የሚታወጀው ባለሐቁ በሚሰማበት ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር የሚቆረቁረኝ፣ ሐጂ ሸምሱ ሌባ አለመሆናቸው ነው። ሌባማ ቢሆኑ ምን ይገርማል? ደግ ሰው ናቸው፤ በጎቹን ጠብቀዋል፤ በየጁምዓው ቆመው ጮኸዋል። እኛም ስንቱን «ነግሬአለሁ፣ ጠይቄአለሁ፣ አፉ በሉኝ ብያለሁ» እያልን ልባችንን እናሳርፋለን። የበደልነው ሰው ግን እቤቱ ተቀምጧል፤ በሩን ያንኳኳለት የለም። አላህ ደግሞ ከጮኽንበት ቦታ አልፎ ያልደረስንበትን ቤት ይጠይቀናል።

በዚያች ከተማ ከሐጂ ሞት ወዲህ ጁምዓ ላይ የታወጀ ሁሉ በማግሥቱ ወንዝ ዳር በሴት አፍ ይታወጃል ይላሉ። መጀመሪያ የጀመረችው ሉባባ ናት። ዒዳ ላይ ያለች ካለችም በሯ ድረስ ሄደው ደጃፍ ላይ ቆመው ይነግሯታል። ጦይባ ያኔ እንዲህ የሚነግራት አጥታ ሄደች። የሄደችበትን አላህ ያውቀዋል፤ እዚያው በራሕመቱ ይጠብቃት።