ጉልበቱ አለቀ የተባለው ውሃ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ የአያቶቻችሁ አያቶች ገና ሳይወለዱ፣ የሻረግ የምትባል ትዕግሥተኛ ባልቴት ነበረች። በዚያው አገር ጓንጉል የሚባል ሰውም ነበረ። ሥራ አይወድም፤ አፉ ግን ጤፍ ይቆላል።

የዚያ አገር ሴቶች እህላቸውን በድንጋይ ላይ ተንበርክከው ሲፈጩ ኖሩ። በኋላ አገሬው በደቦ ወጣ፤ ቦይ ቆፈረ፣ ወንዙን ጠለፈ፣ የውሃ ወፍጮ ተከለ። ውሃው ወረደ፣ መዘውሩ ዞረ፣ ዱቄቱ ፈሰሰ። የሻረግ ያን ቀን አለቀሰች።

ጓንጉል ግን ከወፍጮው በታች ወዳሉት ገበሬዎች ሄደ።

«ይህ ውሃ ወፍጮ ሲያዞር ጉልበቱ አልቋል። የጠጣው ከብት ይከሳል፣ የጠጣው እህል ይመነምናል፣ የጠጣው ልጅ ይደክማል» አላቸው። «ከወፍጮው በላይ ገድቤ፣ ጉልበቱ ሳይነካ በሌላ ቦይ አመጣላችኋለሁ። እናንተ እህል ስጡኝ።»

ፈርተው እሺ አሉት። ውሃው ከላይ ተገድቦ በሌላ ቦይ ወረደ፤ ወፍጮው ቆመ።

የሻረግ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ገና አራስ ናት፣ ደሟም አልቆመም። አጥሚት ያስፈልጋታል። የሻረግ ፈጨች፣ ፈጨች፣ ክንዷ አልታዘዝ አላት። አንድ ጠዋት ልጂቱን ለራሷ ልትፈጭ ተነሥታ ድንጋዩ ላይ ወድቃ አገኘቻት። አንጀቷ ተቃጠለ።

መጀመሪያ ውሃውን እንዲለቅ ራሷ ጓንጉልን ለመነችው፤ ሳቀ። ቀጥላ በሽማግሌ አስለመነችው፤ ሳቀ። በሦስተኛው ሁለት ቅል ውሃ ይዛ በገበሬዎቹ ፊት ቆመች።

«ጓንጉል፣ አንተ አዋቂ ነህ። ጉልበት ያለው የትኛው ነው?»

ከአንደኛው ቅል ተጎነጨ። «ይኸ የኔ ነው፤ ብርቱ ውሃ ነው» አለ። ከሁለተኛው ተጎነጨና ተፋው። «ይኸ የወፍጮው ነው። ሙት ነው።»

«ሁለቱንም የቀዳሁት ካንተ ቦይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው አይተዋል» አለች።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹም ፈረዱ፦ «እኛ ግድቡን እስክናፈርስ የአራሷን እህል አንተ ፍጭ።»

ጓንጉል ተንበረከከ። ቀትር ሳይሆን መዳፉ ተላጠ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ ትንፋሹ አጠረ። ቀና ብሎ፣ «እትዬ የሻረግ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻላችሁት?» አላት።

«ማን ቻለው?» አለችው። «እናቴ እዚሁ ላይ ነው የሞተችው።»

አንገቱን ደፍቶ መፍጨቱን ቀጠለ። አራሷ አጥሚቷን ጠጣች፤ ውሃውም ወደ ወፍጮው ተመለሰ።

እንግዲህ ልጆች፣ የብዙ ሰው ሸክም የሚያቀልን ነገር በውሸት የሚያስቆም ሰው፣ ያ ሸክም በማን ጀርባ ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ይወቅ። እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው።