ጠመንጃውን የተሸከመው ሰው

አንድ አዳኝ ነበር አሉ፤ ቸኮል የሚባል። ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ አገር የሚኖር፣ ተኩሶ የማይስት ሰው። ከርከሮ ማሳ ገብቶ የሰው ልፋት ሲያወድም አገሩ የሚጠራው እሱን ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይህን አልደብቅበትም። ግን መታየት ይወዳል። ጠመንጃው ረዥም ካልሆነ፣ ሲያነግተው አፈሙዙ ከራሱ በላይ ካልወጣ፣ ወንድ መሆኑን እንኳ የሚጠራጠር ይመስላል።

አብሮ አደጉ ደምሌ ደግሞ ለአደን አልተፈጠረም። ተኩስ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አደን የወጣው ቸኮልን ስለሚወደው ብቻ ነው። መንገድ ላይ ያጫውተዋል፣ ስንቁን ይይዝለታል፣ ዳገት ሲጀመር ደግሞ እጁን ዘርግቶ "እስቲ ወዲህ በላት" ይለውና ጠመንጃውን ይቀበለዋል። አዳኝ ዳገት ላይ ትንፋሹ ካለቀ እጁ ይንቀጠቀጣል ተብሎ በመካከላቸው የተለመደ ነገር ነው። ከመልመዳቸው ብዛት ቸኮል ማቀበሉን ራሱ ረስቶታል።

ባለፈው ክረምት ደምሌ ወገቡን አመመውና ወጌሻ ዘንድ ሄደ። ወጌሻው አሸት አሸት አድርገው፣ "ስማኝ ልጄ፣ ከባድ ነገር ይዘህ ዳገት መውጣቱን ካልተውክ አልጋ ላይ ነው የምትቀረው" አሉት። ደምሌ ይህን ለማንም አልተነፈሰም። ለቸኮል ቢነግረው፣ ቸኮል "አንተ አርፈህ ተቀመጥ" ብሎ ብቻውን ሊወጣ ነው። ብቻውን ከወጣ ማን ያጫውተዋል? የሰውዬው ጭንቀት ይኸው ነበር፣ የኔ የዋህ።

በዚህ መሐል የቸኮል አሮጌ ጠመንጃ ሰደፉ ተሰነጠቀ። ማሽላው እሸት ይዟል፣ ከርከሮውም መግባት ጀምሯል፤ አዲስ ጠመንጃ የግድ ሆነ። ደምሌ ይህን ሲሰማ በልቡ ተመስገን አለ። ቸኮል አጭርና ቀላል ጠመንጃ ከመረጠ የእሱም ወገብ ይተርፋል፣ አብረውም ያረጃሉ። ረዥሙንና ከባዱን ከመረጠ ግን አለቀለት። ተያይዘው ወደ ሐጂ ይመር ሱቅ ወረዱ።

ሐጂ ይመር ጠመንጃ ሲሸጡ የማይለቁት አንድ ልማድ አላቸው። ገዢው የወደደውን ጠመንጃ አንግቶ፣ ከሱቁ በላይ ባለው ዳገት አናት ላይ ያለችውን ዋርካ ዞሮ ካልተመለሰ አይሸጡለትም። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያልቀለለ ጠመንጃ እስከ ዛሬ አላየሁም ይላሉ። ስንቱ ገዢ እየፎከረ ወጥቶ እያለከለከ ተመልሶላቸዋል።

ሐጂ ሁለት ጠመንጃ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። አንዱ ረዥም፣ ሰደፉ ወፍራም፣ ሲያዩት የሚያስፈራ ነው። ሌላው አጭርና ቀላል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ለሚሹለከለክ ሰው የሚሆን።

"ለከርከሮ ይኸኛው ይሻልሃል" አሉ ሐጂ፣ አጭሩን ወደ ቸኮል እየገፉ። "ከርከሮ እሾህ ውስጥ ነው የሚገባው። ረዥም አፈሙዝ ይዘህ ከገባህ ቅርንጫፉ አያስዞርህም።"

ቸኮል አጭሩን በአንድ እጁ አነሣና ሳቀ። "ሐጂ፣ ይሄ ጠመንጃ ነው ወይስ ዣንጥላ? ይህን አንግቼ ሠርግ ብሄድ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንዴ ነው የሚሉኝ።"

ደምሌም ሳቀ። ምን ያድርግ፤ ቸኮል ቀልዶ እሱ አለመሳቅ አይሆንለትም። ዓይኑን ግን ከአጭሩ ላይ አላነሣም።

ቸኮል ረዥሙን አንግቶ ወጣ። ሐጂ ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ያዩዋቸዋል። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ደምሌ እጁን ዘረጋ፣ ቸኮልም አቀበለው፤ ወሬያቸው እንኳ አልተቋረጠም። ቸኮል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለ ጠመንጃው ማማር እያወራ ወጣ። ደምሌ ማንገቻው ትከሻውን እየቆረጠው፣ ወገቡ እየወጋው፣ "እውነትህን ነው" እያለ ተከተለው። ዋርካዋን ዞረው ተመለሱ።

"እንዴት ነው፣ አልከበደህም?" አሉ ሐጂ።

"ኧረ ምኑ ከብዶ" አለ ቸኮል። "የያዝኩት እንኳ አልመሰለኝም።"

"እሱንስ እኔም አይቻለሁ" አሉ ሐጂና ወደ ደምሌ ዞሩ። "እኔ ሱቅ ጠመንጃ የሚመርጠው ተሸክሞት የወጣው ሰው ነው። በል ንገረኝ ወንድሜ፣ የትኛውን ልስጣችሁ?"

ደምሌ ላቡን ጠረገ። "አጭሩን" ቢል በቃ፣ ተገላገለ። ቃሉ አፉ ላይ ደርሷል። ቀና ሲል ቸኮልን አየው፤ ቸኮል ረዥሙን ጠመንጃ እንደ ሙሽራ እያየ ነው።

"ረዥሙን ይስጡን" አለ ደምሌ። "አይከብድም፤ ለምጄዋለሁ።"

ይህን ሲል አንድ እጁ ወገቡን ደግፎ ነበር፤ እሱ ራሱ አላወቀውም። ቸኮል እጁን አየው። ቀጥሎ ትከሻውን አየው። ማንገቻው ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ላይ የደምሌ ሸሚዝ ነትቦ፣ በላይ በላዩ ተጥፏል። ቸኮል የራሱን ሸሚዝ ዳሰሰ፤ ጨርቁ ደህና ነው። በሩቅ ያለውን አውሬ የማይስት ዓይን አጠገቡ ያለውን ሰው ሠላሳ ዓመት ሳያይ መኖሩ ጉድ እኮ ነው።

"ደምሌ፣ ያምሃል እንዴ?"

"ትንሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምቱ ጀምሮ። ወጌሻው አትሸከም ብለውኛል። ብነግርህ ጥለኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ነው።"

ቸኮል ረዥሙን ከደምሌ ትከሻ ላይ በሁለት እጁ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ መለሰና "ሐጂ፣ አጭሩን ይስጡኝ" አለ። ወደ ደምሌም ዞሮ፣ "አንተን ጥዬ የት ልሄድ ኖሯል? አንተ ከሌለህማ ማሽላውን ከርከሮ ይብላው" አለው። ደምሌ መሬት መሬቱን እያየ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ዛሬም አብረው ነው የሚወጡት። ጠመንጃውን ቸኮል ራሱ ይይዛል፤ ደምሌ ባዶ እጁን ወሬውን እየጠረቀ ይከተለዋል። ሠርግ ላይ በአጭሩ ጠመንጃ የሚስቁ አልጠፉም። ይሳቁ።

ወዳጆቼ፣ ትልቁን ቤት፣ ትልቁን ድግስ፣ ትልቁን ስም ስንመርጥ ብዙ ጊዜ ቀላል የሚመስለን ሌላ ሰው ስለያዘልን ነው። ያ ሰው ደግሞ ስለሚወደን ከበደኝ አይልም፤ ብንጠይቀው እንኳ ለእኛ ብሎ ይዋሻል። ስለዚህ ከመምረጣችን በፊት ዞር ብለን ትከሻውን ማየት የእኛ ፋንታ ነው። እናንተስ፣ "ምኑ ከብዶ" የምትሉትን ነገር ማን ተሸክሞላችሁ ነው?