ግራ እጅ ያነሱት ልጆች

አንድ ርዕሰ መምህር ነበረ። ስሙን ደመላሽ እንበለው። ሰነፍ ሰው አይደለም። ጠዋት ከተማሪዎቹ ቀድሞ በር ላይ ይቆማል፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሁሉም ጮክ ብሎ ይዘምራል፤ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ካየ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያጠብቃል። "እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ምን እንከን ይወጣለታል?" ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ አትቸኩሉብኝ! ዛሬ የመጣሁት ስለ ሰነፍ ልነግራችሁ አይደለም። ሰነፍማ ሰነፍ መሆኑን ያውቃል። የሚያስፈራኝ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለው ትጉህ ነው።

ይህ ደመላሽ መምህራን ሲያስተምሩ እየገባ ያይ ነበር። ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ያያል፣ ይወጣል፣ ከዚያ አስተያየት ይጽፋል። ምን ብሎ ይጽፋል? "የተማሪዎች ተሳትፎ እጅግ በጣም ጥሩ። በዚሁ ይቀጥል።" ለሒሳቡ መምህር እንዲያ፣ ለእንግሊዝኛው እንዲያ፣ ለስፖርቱም እንዲያ። ምን ያድርግ ታዲያ? በገባበት ክፍል ሁሉ መምህሩ ሲጠይቅ የማይነሳ እጅ የለም። የተጠራው ልጅ ሁሉ ደግሞ በትክክል ይመልሳል። "በዚሁ ይቀጥል" ቢል ይፈረድበታል?

ግን እናንተዬ፣ እነዚያ እጃቸው የማይታጠፍ ልጆች ፈተና ላይ ይወድቁ ነበር! የስምንተኛ ክፍል ውጤት በመጣ ቁጥር ግቢው ለቅሶ ቤት ይመስላል።

አንድ ቀን አንድ አባት ሴት ልጁን ይዞ ቢሮው ድረስ መጣ። ልጅቷ ወርቅያንሱ ትባላለች። ወድቃለች። አንገቷን ደፍታ ከአባቷ ኋላ ቆመች።

"ጋሽ ደመላሽ፣" አለ አባትየው፣ "በወላጆች ስብሰባ ላይ ምን ነበር ያሉን? 'ልጆቻችሁ ጎበዞች ናቸው፣ ጥያቄ ሲጠየቅ እጅ የማያነሳ የለም' አላሉንም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ጎበዝ እንዴት ይወድቃል?"

ደመላሽ መምህራኑን አላማም፤ ራሱ ነዋ "በዚሁ ይቀጥል" ሲል የኖረው!

"እንግዲህ አንድ ዓመት ልስጣት፣" አለ አባትየው። "ደግማ ከወደቀች ግን ከተማ ወስጄ ሰው ቤት አስቀጥራታለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ጎበዝ ናት እንዳይሉኝ።" ልጁን ይዞ ወጣ። ደመላሽ ያን ቃል ይዞት ዋለ፤ ይዞት ከረመ።

ትምህርት እንደገና ተከፍቶ ጥቂት እንደቆየ ከወረዳ ጥሪ መጣ። ርዕሳነ መምህራን በሙሉ ለስልጠና ትፈለጋላችሁ ተባለ። ከእንግዲህ መምህራንን ማየትና አስተያየት መስጠት በታብሌት ነው። ርዕሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየውን እዚያው ይሞላል፣ አስተያየቱን ይጽፋል፣ "ላክ" የሚለውን ይነካል፤ ወዲያው መምህሩ ስልክ ላይ ዱብ ይላል። ለመለማመጃ እንዲሆን ደግሞ ሁሉም ከየትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል በስልኩ ቀርጾ ይምጣ ተባለ።

"ደግሞ ይሄን አመጡብን!" አለ ደመላሽ። ቢሆንም ትጉህ ነው አላልኳችሁም? መምህርት አስካለ ክፍል ገብቶ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ስታስተምር ቀረጻት። አስካለ የምትኮሩባት መምህር ናት፤ ሥራዋን ትወዳለች። እሷ ስትጠይቅ የሚነሳውን እጅ አይታችሁ አትጠግቡም።

የስልጠናውን አዳራሽ ብታዩት ኖሮ! ተማሪ ገና ከሩቅ ሲያያቸው የሚሸሻቸው ሰዎች ታብሌት ሲይዙ ጣታቸውን የት እንደሚያሳርፉ አያውቁም። አንዱ "ጠፋብኝ! ጠፋብኝ!" ይላል። አንዱ የይለፍ ቃሉን ለአዳራሹ ሁሉ እያነበበ ያስገባል። ሌላው ኔትወርክ ፍለጋ ታብሌቱን ወደ ጣሪያው አንስቶ ይዞራል። ትስቃላችሁ አይደል? እናንተም ልጆቻችሁ ስልክ ሲያስተምሯችሁ አይተናችኋል።

የደመላሽ ተራ ደረሰ። የአስካለ ክፍል ግድግዳው ላይ ታየ። አስካለ ትጠይቃለች፣ እጁ በሙሉ ይነሳል፣ የተጠራው ይመልሳል፣ ይጨበጨባል። ርዕሳነ መምህራኑ እያዩ በታብሌታቸው ነጥብ ሰጡ። ነጥቡ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ብቅ አለ። እጅግ በጣም ጥሩ፣ እጅግ በጣም ጥሩ፣ እጅግ በጣም ጥሩ። ደመላሽ ደረቱን ነፋ።

በመጨረሻ አንድ ብቻውን የቆመ ነጥብ መጣ። "ዝቅተኛ" ይላል።

"ይሄ ተሳስቶ የነካ ሰው ነው፣" አለ ደመላሽ እየሳቀ።

"አልተሳሳትኩም፣ የኔ ነው።" የተናገሩት ወይዘሮ ባዩሽ ናቸው። የሌላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል፤ ነገር አያልፋቸውም።

"ምኑ ጎደለ እትዬ ባዩሽ?"

ወይዘሮ ባዩሽ ወደ አሰልጣኙ ዞሩ። "እስቲ ልጄ፣ ወደ ኋላ መልሰው። ትንሽ... እ... አሁን አቁመው።" ምስሉ ቆመ። ልጆቹ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ።

"እኔ ግራኝ ነኝ፣" አሉ ወይዘሮ ባዩሽ። "ልጅ ሆኜ በግራዬ በጻፍኩ ቁጥር ጣቴን በማስመሪያ እየተመታሁ ነው ያደግኩት። በክፍላችን ከኔ በቀር ግራኝ አልነበረም። በክፍላችን ብቻ? በሰፈራችንም አልነበረም። እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ሁሉ ግራኝ ከየት ተሰብስቦ አንድ ክፍል ገባ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ሁሉም ወደ ምስሉ አየ፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ጠፋ። እውነትም የልጆቹ ግማሽ ያነሱት ግራ እጃቸውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። መምህርቷ ከልጆቹ ጋር ተስማምታለች፤ እንዲህ ብላቸው፦ መልሱን የምታውቁ ቀኛችሁን አንሱ፣ የማታውቁ ግራችሁን አንሱ። ማንም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፤ እንግዳው ሁሉም ያውቃል ብሎ ይሂድ። እኔ የምጠራው ቀኝ ያነሳውን ብቻ ነው። አይ ብልሃት! ሳቁ ለምን ጠፋ መሰላችሁ? ብዙዎቹ በመምህርነት ዘመናቸው ይህንኑ ያደረጉ ናቸው።

ደመላሽ ከግድግዳው ላይ ዓይኑን መንቀል አቃተው። መሃል ወንበር ላይ ወርቅያንሱ አለች። ግራ እጇን ከሁሉም ከፍ አድርጋ አንስታለች፤ ከፍ ያደረገችው እሱ እንዲያይላት ነው። እሱም አይቶላት ነበር። "ተሳትፎ እጅግ በጣም ጥሩ" ብሎ ጽፎላት ነበር። ይህን ሲያስብ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ቀጥሎ "ለመምህሩ የምትሰጡትን አስተያየት ጻፉ" ተባለ። ደመላሽ በንዴት ጻፈ። "አታለሽኛል! ለዚህ ተግባርሽ ተጠያቂ ነሽ!" ጣቱን ወደ "ላክ" ሲያስጠጋ አጠገቡ የተቀመጡት ወይዘሮ ባዩሽ ክንዱን ያዙት።

"ደመላሽ ወንድሜ፣ ልጆቹ ያን እጅ የሚያነሱት ለማን ብለው ነው?"

"ለመምህርታቸው ነዋ።"

"ለአንተ ነው እንጂ! አንተ እጅ አይተህ የምትሄድ ሰው ነህ። እሷም አንተ የምትፈልገውን አሳየችህ። የማያውቅ ልጅ ስታሳይህ ምን ልትላት ነበር? 'ደካማ መምህር' አይደል? እንዲያ ከተባለች እድገቷ ይቀራል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

ወገኖቼ፣ እውነት እንደ ሰይፍ ነው ይላሉ። ደመላሽን ግን አልገደለውም፤ አዳነው እንጂ። የጻፈውን ሁሉ አጠፋ። ከዚያ አንዲት አጭር ነገር ጻፈ፦ "መምህርት አስካለ፣ ሰኞ እመጣለሁ። ግራ እጅ ያነሱትን ጠይቂልኝ። እኔ ከጎንሽ ነኝ።" ላከው። ኔትወርኩ ዞረ፣ ዞረ፣ መልእክቱ ሄደ።

አስካለ ስልኳ ላይ ሲደርሳት "ግራ እጅ" የሚለውን አንብባ "አለቀልኝ!" አለች። "ከጎንሽ ነኝ" የሚለውን አላመነችውም። አለቃ "ከጎንሽ ነኝ" ሲላችሁ ታምናላችሁ እንዴ?

ሰኞ ደረሰ። ደመላሽ ታብሌቱን ይዞ ገባና የተለመደው ቦታው ተቀመጠ። አስካለ ጠመኔዋን አነሳች፣ ጥያቄዋን ጻፈች፣ ዞረች። እንደ ወትሮው እጁ በሙሉ ተነሳ። ቀኝም ተነሳ፣ ግራም ተነሳ። ፊት ወንበር ላይ አንድ ጎበዝ ልጅ ቀኝ እጁን እያወናጨፈ "መምህርት! መምህርት!" ይላል። እሱን ብትጠራው ምን አለበት? ይመልስላታል፣ ይጨበጨባል፣ ሁሉም በሰላም ይወጣል።

አስካለ ኋላ ወዳለው ደመላሽ አየች። አንገቱን በእሺታ ነቀነቀላት። ትንፋሿን ሰበሰበች።

"ወርቅያንሱ።"

ቃል ኪዳን ፈረሰ! ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወርቅያንሱ ደንግጣ ብድግ አለች፤ ግራ እጇ ገና አልወረደም።

"መምህርት..." አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም። "እኔ እኮ ግራዬን ነው ያነሳሁት።"

አስካለ ጠመኔውን አስቀመጠች። "አውቃለሁ ልጄ። የጠራሁሽም ለዚያ ነው።"

"አላውቀውም እኮ።"

"እሱንም አውቃለሁ። የቱ ላይ ነው የጠፋብሽ?"

ይህን ጥያቄ በዕድሜዋ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ልጅቷ አሰበች። "ክፍልፋይ ላይ፣" አለች። "ከታች ያሉት ቁጥሮች ሲለያዩ እንዴት እንደሚደመር... ከድሮም አልገባኝም።"

"እኔም እዚያው ላይ ነው!" አለ ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ልጅ።

"እኔም!" "እኔም መምህርት!" ግራ እጅ ሁሉ አፍ አወጣ። አስካለ የዕለቱን ትምህርት ከሰሌዳው ላይ ጠረገችው። ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ልጆቹ ወደጠፉበት ቦታ ሄደች። ደወል ሲደወል አንድም ልጅ አልተነሳም።

ታብሌቱ "የዕለቱ ትምህርት ተጠናቋል?" ብሎ ይጠይቃል። ደመላሽ "አልተጠናቀቀም" የሚለውን ነካ። አስተያየት በሚለው ቦታ ደግሞ እንዲህ ጻፈ፦ "ብዙ ዘመን ክፍል ገብቼ አይቻለሁ። መማር ሲካሄድ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ክፍልፋዩን ነገም ድገሚላቸው፤ ሐሙስ መጥቼ አያለሁ።" ስልኳ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ጮኸ። አነበበችው። ተማሪዎቿ ፊት አለቀሰች፤ አላፈረችም።

ሐሙስ መጣ። ከዚያም በኋላ እየመጣ አየ። "በዚሁ ይቀጥል" የሚል ቃል ዳግመኛ ከእጁ አልወጣም። "ይህችኛዋን ልጅ ዛሬ አልጠራሻትም" ይላታል፤ "ይህን ምሳሌ ቀይሪው" ይላታል፤ እሷም "እሺ፣ ግን እርስዎም ሲያዩን አይኮሳተሩ፣ ልጆቹ ይፈራሉ" ብላ ትመልስለታለች! ቀስ በቀስ ግራ እጆች ወረዱ፤ ቀኝ እጆች በእውነት ተነሱ።

ፈተናው መጣ፣ አለፈ፣ ውጤቱ ወጣ። ያን ቀን ግቢው ለቅሶ ቤት አልነበረም። እልልታው ከዋናው መንገድ ይሰማል። ያ አባት ሰዉን እየገፋ መጣ። ደመላሽ ፊት ቆመ።

"ጋሽ ደመላሽ፣ አሁንስ ጎበዝ ናት ሊሉኝ ነው?"

"እኔ አልልህም፣" አለ ደመላሽ። "ራሷን ጠይቃት።"

አባቷ ዞረ። ወርቅያንሱ አንገቷን አልደፋችም። "አልፌያለሁ አባባ!" አለች። ሰውዬው ልጁን አቀፋት፤ ወዲያው ደግሞ ደመላሽን፤ ወዲያው ደግሞ የማያውቃትን አስካለን! ሰው ቤት መቀጠር ቀረ። ትምህርቱ ቀጠለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ አታምልጡኝ።

እዚህ የእግዚአብሔር ቤት ስትገቡ የትኛውን እጃችሁን ነው የምታነሱት? "እንዴት ናችሁ?" ስንላችሁ "ይመስገን!" ትላላችሁ። ቤታችሁ እየነደደ "ይመስገን!" ከወንድማችሁ ጋር ተኳርፋችሁ "ይመስገን!" ጸሎት ከአፋችሁ ከጠፋ ከርሞ፣ "አሜን!" ስትሉ ግን ከሁሉም ትበልጣላችሁ። እጁ በሙሉ ተነስቷል። ከኋላ የሚያይ ሰው "እጅግ በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ይቀጥል" ይላችኋል። ታዲያ ፈተና ሲመጣ ለምን እንወድቃለን?

እናንተ አባቶች፣ እናንተ አለቆች፣ እኔም አገልጋዩ ጭምር! ልጃችን፣ ሠራተኛችን፣ ምዕመናችን "አልገባኝም፣ ደክሞኛል፣ ወድቄያለሁ" ብሎ እንዲነግረን ፊታችን ይፈቅዳል? ወይስ እጅ አይተን ነው የምንሄደው?

በፍርድ ቀን ግራ የፍየሎች ወገን ነው የምትሉኝ አላችሁ። አውቃችኋለሁ! በወንጌል የታመመ ልጁን ይዞ የመጣውን አባት ግን አስቡት። ማመኑንም አለማመኑንም አንድ ላይ ይዞ ነው ጌታ ፊት የቀረበው። ቀኙንም አነሳ፣ ግራውንም አነሳ። ጌታ አባረረው? ልጁን ፈወሰለት እንጂ!

እስቲ አሁን እጃችሁን አንሱ። አይ፣ ቀኙን አይደለም! ጋሼ፣ ቀኙን ያውርዱት፤ ግራውን። ያንን ማንም ያላየላችሁን፣ ያፈራችሁበትን፣ የጠፋባችሁን ነገር አንሱት። ስማችሁ ይጠራል። ስትጠሩ አትደንግጡ። ብድግ በሉና "ጌታ ሆይ፣ እኔ እኮ ግራዬን ነው ያነሳሁት" በሉት።

ምን ብሎ እንደሚመልስላችሁ ታውቃላችሁ።